ጉልበታም የእረኛ ዘር ውሻ ከሪስኪው መውሰድ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የሚሆን መመሪያ

ጀርመን ሸፐርድ ወይም ከሱ የተዳቀለ፣ አለዚያም ማሊኖይስ (የቤልጂየም የእረኛ ውሻ) ወይ ቦርደር ኮሊ፣ ሪስኪው ከሚባሉት የተጣሉ ውሾችን ከሚያነሱ ሰዎች ላይ ለመውሰድ ለምታስቡ ነው ይሄን ምጽፈው። ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ቀን በሰንሰለት አስሬው ማታ ግቢ ውስጥ እለቀዋለሁ ብላችሁ ከሆነ ያሰባችሁት እባካችሁ ይቅርባችሁ። የትኛውም ውሻ ታስሮ ሲውል ይጎዳል፣ እነዚህ ግን የምር ይታመማሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ክብ እየሠሩ ይዞራሉ፣ እግራቸውን እስኪቆስል ይልሳሉ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ሲጮሁ ይውላሉ፣ ከዛ "ይሄ ውሻ አብዷል" ተብሎ መንገድ ላይ ይጣላሉ። ሪስኪው ላይ ምታገኟቸው ብዙዎቹ እዛ የደረሱት በዚሁ መንገድ ነው፣ ቡችላ ሆነው ሲያምሩ ተወስደው ትንሽ ከፍ ሲሉ ቤቱን ያስቸገሩ ናቸው።

ነገሩ ከዘራቸው ነው ሚመጣው። ጀርመን ሸፐርድን ሰው የፖሊስ ውሻ እያለ ነው ሚጠራው እንጂ እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የሚባል የፈረሰኛ ጦር መኮንን ዘሩን ሲያስጀምር የመረጠው ሆራንድ የተባለ የእረኛ ውሻ ነበር፣ ፖሊስ ቤትና ጦር ሜዳ የገባው ከዛ በኋላ ነው። ቦርደር ኮሊም እንግሊዝና ስኮትላንድ ድንበር ላይ በግ ሲነዳ የኖረ ነው፣ የዛሬዎቹ የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር እ.ኤ.አ. በ1893 ወደተወለደ ኦልድ ሄምፕ ወደሚባል ውሻ ይደርሳል። የኛ ገበሬ ውሻ ሥራው ሌላ ነው፣ ጅብና ቀበሮ እንዳይጠጋ ይጠብቃል፣ በጉን ሚነዳው ግን ልጁ ነው። እነዚህ ደግሞ ራሳቸው ነጂ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ እየሮጡ የሰው ድምፅ እየሰሙ እንዲሠሩ ነው የተመረጡት፣ ሚነዳ በግ ከሌለ ልጅ ይነዳሉ፣ ዶሮ ይነዳሉ፣ ባጃጅ ይነዳሉ።

1. መጀመሪያ ውሎአችሁን እዩት

ጤነኛ የሆነ አዋቂ ውሻ በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ እንቅስቃሴ ይፈልጋል፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። "ግቢያችን ሰፊ ነው" ሚባለው መልስ አይሆንም፣ ብቻውን የተተወ ውሻ ግቢው ምንም ቢሰፋ በር ስር ተኝቶ ነው ሚውለው። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥታችሁ 1 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ ሥራ መግባት ትችላላችሁ ወይ? ክረምት ላይ ጭጋጉ ጦሳን ሸፍኖ ዝናቡ ሳያባራ ሲውልስ? ፊልድ ስትወጡ ማን ያወጣዋል? "ወንድሜ ያወጣዋል" ካላችሁ ወንድማችሁን ራሱን ጠይቁት፣ ሳይጠየቅ የተመደበ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል።

ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን በግልጽ አስፈቅዱ፣ በኋላ ያዩታል ብሎ ማምጣት ውሻውን ነው ሚጎዳው።

ከዛ ጎረቤት። እኛ ጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ በር ነው ሚገባ ሚወጣው፣ ስለዚ ይሄን ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ለከብት ጥበቃ፣ ለአደንና ለእርሻ ውሻ መያዝ በሐዲስ የተፈቀደ ነው፣ ሰው ሚቸገረው ምራቁ ላይ ነው፣ ውሻ የላሰው ዕቃ በተለይ በሻፊዒ መዝሀብ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት አንዱ በአፈር፣ ልብስም ከነካ እንደዛው ሳይታጠብ አይሰገድበትም። ስለዚ ውዱእ ሚደረግበት ቦታና የጋራ ቧንቧው ጋ ውሻው ጭራሽ እንዳይደርስ አርጉ፣ ልብስ ሚሰጣበትም እንደዛው። ከመምጣቱ በፊት ሄዳችሁ "እትዬ፣ ውሻ ላመጣ አስቤ ነበር፣ እርስዎ ጋ እንዳይደርስ በዚ በኩል ላጥር ነው፣ እንዴት ያዩታል?" ማለት ብቻ ስንት ጭቅጭቅ ያስቀራል። ብዙ ጊዜ መልሱ "አብሽር ልጄ፣ ብቻ ገመዱን ያዝ" ነው ሚሆነው።

2. ከማን ይወሰዳል፣ ምንስ ይጠየቃል

እኛ አካባቢ አብዛኛው ነገር ሚሄደው በሰው በሰው ነው። የእንስሳት ሐኪሞችን ጠይቁ፣ ውሻውን ትቶ ከአገር ሊወጣ ያለን ሰው እነሱ ቀድመው ያውቃሉ። የቴሌግራም ግሩፖች አሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የተጣሉ ውሾችን አንስተው እያከሙ ለቤተሰብ ሚሰጡ ሰዎች አሉ፣ በፎቶ አይታችሁ መነጋገር ትችላላችሁ። ግን በፎቶ ብቻ አትወስኑ። ለክትባትና ለሕክምና ያወጡትን ተካፈሉ ቢሏችሁ ተገቢ ነው፣ "ውሻውን ሳታዩ ብሩን ቀድማችሁ ላኩ" ካሏችሁ ግን ተዉት።

ያሳደረው ሰው ጋ ስትሄዱ እነዚህን ሳታፍሩ ጠይቁ። ሰው ነክሶ ያውቃል ወይ፣ ከነከሰስ ምን ሲሆን ነው? ልጅ ካለበት ቤት ኖሯል? ብቻውን ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ሲቀርስ ምን ያረጋል? በግ፣ ዶሮ፣ ድመት ሲያይ? የበላበት ሳህን ላይ እጅ ሲገባ ያጉረመርማል? ክትባቱ መቼ ነበር፣ ካርዱ አለ? ለምንድነው የተጣለው ሚለውንም ጠይቁ። ጥሩ ሪስኪው እናንተንም በጥያቄ ያፋጥጣችኋል፣ ቤታችሁን አሳዩን ሊሏችሁም ይችላሉ፣ ይሄ ደስ ሊላችሁ ነው ሚገባው።

ከዛ ውሻውን በገመድ ይዛችሁ ውጡ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ባጃጅ ሚያልፍበት መንገድ ዳር። ይሄን እርምጃ አትዝለሉት፣ ደሴም ኮምቦልቻም ባጃጅ የሌለበት መንገድ የለም። ባጃጁ ሲመጣ ዓይናችሁን ውሻው ላይ አርጉ። የእረኛ ደም ያለው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጭንቅላቱን ከትከሻው ዝቅ ያረጋል፣ አንዱን የፊት እግር አንስቶ አየር ላይ ይይዘዋል፣ ጭራው ይወርዳል፣ ዓይኑ ጎማው ላይ ተሰክቶ አይነቀልም። ባጃጁ እናንተ ጋ ሲደርስ ይወረወራል። ይሄ ጭካኔ አይደለም፣ ማፍጠጥ፣ ማድባት፣ ማባረር ሚለው የአደን ቅደም ተከተል ነው፣ የእረኛ ዘር ላይ መጨረሻው መግደሉ እንዲቀር ተደርጎ ነው የተመረጠው። መወርወሩ ብቻውን አትውሰዱት አያሰኝም። ማየት ያለባችሁ ባጃጁ ካለፈ በኋላ ያለውን ነው። ስሙን ስትጠሩት ወይ የተቀቀለ ሥጋ አፍንጫው ጋ ስታቀርቡለት ወደናንተ ከዞረ፣ ምግቡንም ከበላ፣ መማር ይችላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላም ገና እየተንቀጠቀጠ የጠፋውን ባጃጅ ሚፈልግ ከሆነ፣ ሥጋውን ሚተፋ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ ለሚይዝ ሰው ይከብዳል፣ እሱን ልምድ ላለው ሰው ተዉለት።

ጆሮውን፣ እግሩን፣ አፉን ሚያውቀው ሰው እንዲነካው አርጋችሁ እዩ። ማጉረምረሙ ራሱ መጥፎ አይደለም፣ እያስጠነቀቀ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ሚነክሰው ነው ሚያስፈራው። ሲሄድ ዳሌውን ሚያወዛውዝ ወይ ከተኛበት ሲነሳ ሚቸገር ጀርመን ሸፐርድ ካያችሁ ሐኪም ይየው፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዚህ ዘር ላይ የተለመደ ነው።

3. ከአዲስ አበባ ከሆነ ሚመጣው

መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የግል መኪና ወይ ሚታመን ሰው ፒካፕ ፈልጉ። ከጉዞው በፊት ለአምስት ስድስት ሰዓት ምግብ አትስጡት፣ የጣርማ በርና የሐረጎ ጥምዝ የለመደውንም ሰው ያስመልሳል። በሌሊት ተነሱ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከዛ ቁልቁል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ሙቀቱ በአንዴ ነው ሚቀየረው፣ ስለዚ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴን ፀሐዩ ሳይበረታ እለፉ። ቆማችሁ ምሳ ስትበሉ ውሻውን መስኮት የተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስታወርዱት መጀመሪያ ገመዱ እጃችሁ ላይ መሆኑን፣ ከዛ በሩን። አዲስ ውሻ ሚጠፋው መኪና በር ላይ ነው፣ የማያውቀው ቦታ ስለሆነ ሮጦ ሚመለስበት የለውም።

4. ቤቱን ማዘጋጀት

አጥሩን ዙሩት። ማሊኖይስ ሰው ሚያክል አጥር ይዘላል፣ ቆርቆሮ ስር ያለ ክፍተትም በአንድ ሌሊት ይሰፋል። ማታ መውጫ እንዳይኖረው በደንብ ዝጉ፣ ጅብ አለ፣ በተለይ ከተማው ዳርና ተራራው ስር ላላችሁ። ታስሮ ውጪ ያደረ ውሻ ደግሞ መሸሽም አይችልም። ባለቤት የሌለው ውሻ ላይ መርዝ ሚጣልበት ጊዜም ስላለ አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥራችሁ ያለበት ማሰሪያ ሁሌም ይኑር።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ብርዱን ጸጉራቸው ይችለዋል፣ ሚጎዳቸው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ማደር ነው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ጣውላና ማዳበሪያ ወይ አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃል። ኮምቦልቻ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ እዛ ችግሩ ሙቀት ነው፣ ጥላና ውሃ ቀኑን ሙሉ፣ ሩጫው ደግሞ ፀሐይ ሳይወጣ። የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባባቸው ወንዞች ውሃ እንዳይጠጣ ተጠንቀቁ።

5. ሐኪም፣ በመጀመሪያው ሳምንት

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት አለው፣ ኮምቦልቻም የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፣ እዛ ሚሠሩትን ብትጠይቁ ውሻ ሚያውቅ ሐኪም ይጠቁሟችኋል። አብዛኛው ሐኪም ውሎው ከብትና በግ ጋ ስለሆነ ውሻ ላይ እጁ የለመደውን መፈለጉ ዋጋ አለው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ ከሌለ እንዳልተከተበ ቁጠሩት፣ በየዓመቱም ይደገማል። ፓርቮና ዲስቴምፐር ሚባሉት ውሻ ሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ክትባት ከተገኘም አስወጉት። ማምከኑንም ተነጋገሩበት፣ ሰፈር ውስጥ ሚጣል ቡችላ እንዳይበዛ።

አሁን ደግሞ ይሄን ልብ በሉልኝ፣ የእረኛ ዘር ሚይዝ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ሚገባ ነገር ነው። እከክ ወይ መዥገር ሲኖር እዚህ ቶሎ ሚወጋው አይቨርሜክቲን ነው፣ ለከብትና ለበግ የተለመደ ስለሆነ በየመድኃኒት ቤቱ አለ። የእረኛ ዘር ውሾች ላይ ግን ኤም ዲ አር 1 ሚባል ጂን ላይ ጉድለት ሊኖር ይችላል፣ ያ ካለ መድኃኒቱ ወደ አንጎል ሰተት ብሎ ይገባል። ኮሊ ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ አውስትራሊያን ሸፐርድ ላይም ብዙ ነው፣ ቦርደር ኮሊና ጀርመን ሸፐርድ ላይ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ ድቅል ላይ ደግሞ ከማን እንደወረሰ ስለማይታወቅ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። ምልክቱ እንደሰከረ መንገዳገድ፣ ለሃጭ ማዝረክረክ፣ ዓይኑ አለማየት፣ ከዛ ራስን መሳት ነው። ስለዚ ሐኪሙ መርፌውን ከመሳቡ በፊት "ዶክተር፣ ይሄ የእረኛ ዘር ነው፣ አይቨርሜክቲን ባይሆን ሌላ ምን አለ?" በሉ። መድኃኒት ቤት ገዝታችሁ ራሳችሁ መውጋት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፣ የበግ መጠን ለበግ ነው።

ሌላው ቄራ ነው። ሰዉ ለውሻ ብሎ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ይወረውራል፣ እሱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ ውስጡ የኮሶ ዘር የሆነ ትል ነው ያለው፣ ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ልጆች እጅ ላይ ይደርሳል፣ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመልሶ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ስለዚ ከረጢት ያለበትን ቅበሩት፣ ሌላውን በደንብ ቀቅሉት፣ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒትም ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ስጡ። የወጥ ትራፊ አትስጡ፣ ሽንኩርቱ ደሙን ይጎዳዋል፣ ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ናቸው፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ሩዝ ወይ የበቆሎ ገንፎ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካው፣ በቀን ሁለቴ ከፍሎ። እንደበላ አታስሩጡት፣ ደረተ ሰፊ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ሊዞርበት ይችላል፣ ሊያስመልስ እየሞከረ ምንም ካልወጣው በዛው ሰዓት ሐኪም ነው።

6. የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት

ሪስኪው ሚሠሩ ሰዎች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር ይላሉ። ሦስት ቀን ይፈራል ወይ ዝም ይላል፣ በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል፣ በሦስት ወር ትክክለኛ ባህሪው ይወጣል። ስለዚ በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ አትጥሩ፣ አታጥቡት፣ ለዘመድ አታሳዩት። አንድ ጥግ ስጡት፣ በሰዓቱ አብሉት፣ በሰዓቱ አውጡት፣ በቃ። መጀመሪያ ላይ በጣም ጨዋ ሆኖ በወሩ መረበሽ ቢጀምር አትደንግጡ፣ ያኔ ነው ቤቱ የኔ ነው ማለት የጀመረው።

7. ሥራ መስጠት

ዋናው እዚህ ነው። ሩጫ ብቻውን አይበቃም፣ በሩጫ ብቻ ያደከማችሁት ውሻ በወሩ ይበልጥ ሯጭ ሆኖ ነው ሚመጣው። ጭንቅላቱ ይሥራ። ምግቡን ሳህን ላይ ከማረግ ሳሩ ላይ በትኑለትና በአፍንጫው ይልቀም። ዕቃ ደብቁና አስፈልጉት። ነይ፣ ና፣ ቁጭ፣ ቆይ፣ ተው፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ ይሁን ግን ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀም፣ አባት "ቁጭ" ልጅ "ሲት" ካሉት ግራ ይገባዋል። አምስት አምስት ደቂቃ በቀን ሦስቴ አራቴ ከአንድ ሰዓት ድርቅ ያለ ትምህርት ይሻላል። ዱላ አታሳዩት፣ እነዚህ ዘሮች ድምፅ ሲጮህባቸው እንኳን ይሸማቀቃሉ፣ የተመታ ደግሞ ከእጅ መሸሽ ነው ሚማረው።

ለባጃጁ በርቀት ጀምሩ። ባጃጅ ሚያይበት ግን ሚረጋጋበት ርቀት ፈልጉ፣ ሃምሳም መቶም ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ከመንገዱ ከፍ ያለ ሜዳ ጥሩ ነው። ባጃጅ ሲያይ ቁራሽ ሥጋ፣ ሌላ ሲመጣ ሌላ ቁራሽ። ትንሽ ቆይቶ ባጃጅ ሲያይ ራሱ ወደናንተ ይዞራል፣ ያኔ ትንሽ ጠጋ በሉ። ካፈጠጠና ስሙን ካልሰማ ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ተመለሱ። ሳምንታት ይፈጃል፣ አታስቸኩሉት።

ለመልቀቅ አትቸኩሉ፣ ከ10 እስከ 15 ሜትር ሚሆን ገመድ ገዝታችሁ ገራዶ ወይ ቦሩ ሜዳ ላይ ስሙን ስትጠሩት ሁሌም መምጣቱን እስክታረጋግጡ ገመዱ አይውለቅ፣ እዛ የሰው በግ አለ፣ የገበሬ ውሻም አለ። አዝዋ ገደል ጋ ጭራሽ አትልቀቁት፣ ሚያባርር ውሻ ጫፉን አያይም።

8. ልጆች፣ በግና ንክሻ

ልጅ ሲሮጥ ተረከዝ ላይ ጠቅ ያረጋል፣ በግ ሚነዱት እንደዛ ነው። በዛች ሰዓት ልጁ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ እናንተ ውሻውን ጠርታችሁ ሌላ ሥራ ስጡት። ትንንሽ ልጆችና ውሻውን ብቻቸውን አትተዉ፣ ምንም ቢዋደዱ። የዐረፋ ወይ የፋሲካ በግ ግቢ ስትገባም ለየብቻ ዝጉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዞራት አድሮ ሊያደክማትና ሊጎዳት ይችላል። "የእረኛ ውሻ ስለሆነ ያውቃል" አትበሉ፣ መንዳት በደሙ አለ፣ መቼ ማቆም እንዳለበት ግን ሚያስተምረው ሰው ነው።

የማንም ውሻ ይሁን፣ የተከተበም ቢሆን፣ ጥርሱ ቆዳ ከበሳ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዛኑ ቀን ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ሂዱ። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ አይቻልም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሚያድን ሕክምና የለም። ውሻው ደግሞ አይገደል፣ ተዘግቶ ለ10 ቀን ይታይ፣ ሐኪሙ ሚወስነው በዛ ነው።

9. ካልሆነላችሁ

ስትወስዱት ከሰጣችሁ ሰው ጋ "ካልቻልን እንመልሳለን" ሚለውን ተስማሙ፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ሪስኪው ሚሠሩ ብዙ ሰዎች ራሳቸው ይጠይቃሉ። ጊዜ ስጡት፣ ቢያንስ ሦስቱ ወር ይሙላ፣ ልጅ ላይ አደጋ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ደውሉ። ስትመልሱ ያያችሁትን ሁሉ ተናገሩ፣ ምን ሲያይ እንደሚወረወር፣ ማንን እንደሚወድ፣ ምን ምን እንደተማረ፣ የክትባት ካርዱንም ስጡ፣ ቀጣዩ ቤተሰብ ከዜሮ እንዳይጀምር። ሰኞ ገበያ ወስዶ መልቀቅ ወይም ለማያውቁት ሰው ለጥበቃ ብሎ መስጠት መመለስ አይደለም።